ሲመሽ ከ6 ኪሎ ወደ ቤት፦ በስልክ የሚጠራ ታክሲ ለእንግዳ ተማሪ ይበጃል?

ከ6 ኪሎ ዋናው ግቢ፣ ከ5 ኪሎ ቴክኖሎጂ፣ ከ4 ኪሎ ሳይንስ ግቢ ሲመሽ የሚወጡት ተማሪዎች ሁሉም የአገር ልጆች አይደሉም። ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከኬንያ፣ ከናይጄሪያ ለትምህርት የመጡ አሉ። ቀን ቀን ከክፍል ጓደኞቻቸው ጋር ስለሆኑ ብዙም አይቸገሩም። ችግሩ ያለው ቤተ መጻሕፍት ተዘግቶ ወደ ኪራይ ቤት በሚሄዱባት መንገድ ላይ ነው። ለዚህች መንገድ ብዙዎቻችን "ራይድ ጥራ" ብለን እንሸኛቸዋለን። ይህ ጽሑፍ ያን ምክር ይመዝናል። የተጻፈውም ለእናንተ ነው፤ ለእንግዳ ተማሪ ቤት ያከራያችሁ፣ አብራችሁ የምትማሩ፣ አማርኛውን የምትሰሙለት።

ፍርዱን ከፊት እናስቀምጠው። ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ በመሀል አዲስ አበባ ለውጭ አገር ተማሪ ከዚህ የተሻለ መጓጓዣ የለም። ሆኖም ተማሪው ንብረቱን የሚያጣው አብዛኛውን ጊዜ መኪና ውስጥ ሆኖ አይደለም፤ መኪናውን ሲጠብቅ ነው። ከመጥራት እስከ መሳፈር ያሉት ከ5 እስከ 10 ደቂቃዎች በሥርዓት ካልተያዙ አገልግሎቱ ራሱ ለአደጋ ያጋልጣል፤ ምክንያቱም አንድን እንግዳ ሰው ስክሪኑ የበራ ስልክ አስይዞ፣ በማያውቀው አስፋልት ዳር፣ ዓይኑን ካርታ ላይ አስተክሎ ያቆመዋል።

መጀመሪያ ስለ አጠራሩ። ለራይድ 8294፣ ፈረስ ለተባለው ድርጅት 6090 መደወል ይቻላል፤ ሁለቱም አፕ አላቸው። በስልክ መጥራት ዳታ ለሌለው ይጠቅማል፤ ለእንግዳ ግን አፑ ይሻላል። በስልክ ሲጠራ የሰፈር ስም በአማርኛ ማስረዳት አለበት፤ በአፕ ግን ካርታው ላይ ይነካል፣ ሰሌዳው፣ የመኪናው ዓይነትና የሾፌሩ ስም ስክሪኑ ላይ ይመጣል፣ ጉዞውም ተመዝግቦ ይቀራል። አፑን ለመክፈት የአገር ውስጥ ስልክ ቁጥር ስለሚያስፈልግ ተማሪው በፓስፖርቱ ሲም ካርድ እንዲያወጣ በመጀመሪያው ሳምንት ውሰዱት። በሌላ ሰው ስም የወጣ ሲም አትስጡት። ስልኩ የጠፋ ቀን መስመሩን የሚያዘጋው የሲሙ ባለቤት ብቻ ነውና።

በከተማው አፍ "ራይድ" የአንድ ድርጅት ስም ብቻ መሆኑ ቀርቷል፤ በአፕ የሚሠራ መኪና ሁሉ ራይድ ይባላል። ስለዚህ በር ላይ ቆሞ "ራይድ ነኝ፣ ግባ" የሚል ሰው ምንም አላረጋገጠም። እንግዳው ይህን ካልተነገረው አያውቅም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ፤ የት ይጠበቅ? አፑ ቦታውን በራሱ ሲወስን ብዙ ጊዜ ይስታል። በሕንፃና በትልልቅ ዛፍ መሀል የስልኩ ቦታ ጠቋሚ በአሥራ ምናምን ሜትር ይሸሻል፤ ያ ርቀት ደግሞ ፒኑን፣ ማለትም ካርታው ላይ መሳፈሪያውን የሚያሳየውን ምልክት፣ ከአስፋልቱ ማዶ ለመጣል ይበቃል። ሾፌሩ ፒኑን አምኖ ማዶ ይመጣል። መሀል ላይ የመንገድ አካፋይ ስላለ ለመዞር እስከ አደባባዩ መሄድ አለበት። በኮሪደር ልማቱ ከታደሱት መንገዶች በአንዳንዶቹ ደግሞ መኪና ጠርዝ ላይ አቁሞ ሰው መጫን ያስቀጣል። እናም ይደውልና እንዲህ ይላል፦ "ተሻግረህ ጠብቀኝ፣ እዚህ መቆም አይቻልም።"

ይቺ የስልክ ጥሪ የምሽቱ ክፉ ሰዓት ናት። ተማሪው ከግማሽ በላይ ያልገባውን አማርኛ ለመስማት ስልኩን ጆሮው ላይ ይለጥፋል፤ በሌላው እጁ ቦርሳውን ይዞ፣ በጨለማ፣ መኪና ከየት እንደሚመጣ ሳያይ አስፋልት ይገባል። ሾፌሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ቅጣት ፈርቶ ነው። ችግሩ የሚፈታው ግን ቀን ነው። ከተማሪው ጋር በብርሃን ወጥታችሁ ሦስት ነገር የሚያሟላ ቦታ ምረጡ፦ መኪና ሳይቀጣ ሊቆምበት የሚችል፣ መብራት ያለው፣ ጥበቃ ወይም የተከፈተ ሱቅ አጠገቡ ያለ። ከዚያ ፒኑን በጣታችሁ ጎትታችሁ እዚያው ላይ አስቀምጡና አፑ ውስጥ በስም አስቀሩለት። ለ6 ኪሎ ምልክት አይጠፋም፤ የካቲት 12 ሐውልት፣ የካቲት 12 ሆስፒታል፣ የዩኒቨርሲቲው ዋና በር አሉ። ለ4 ኪሎ የድል ሐውልቱ ከሩቅ ይታያል፤ አደባባዩ ላይ ግን መኪና ስለማይቆም ለመጠበቂያ አይሆንም፣ ለአቅጣጫ ብቻ ይጠቅማል።

ጥሪው የሚደረገው ከግቢ ውስጥ ነው፤ ጥበቃዎቹ ካሉበት ክፍል አጠገብ ቆሞ። አፑ መኪናው እንደደረሰ እስኪያሳይ አይወጣም። "መጣሁ" የሚለውን ቃል አስረዱት፤ ሾፌር "መጣሁ" ሲል ገና በመንገድ ላይ ነኝ ማለቱ ነው፣ "ደርሻለሁ" ሲል ነው የሚወጣው። ቃሉን ቀጥታ የተረጎመ ተማሪ "መጣሁ" ሲባል ወጥቶ ሩብ ሰዓት በር ላይ ይቆማል።

ስልክ መንታፊው የሚፈልገው ይህንኑ ነው። በእግሩ ወይም በሞተር ይመጣል፣ ከኋላ ያልፋል፣ በአንድ እጅ ከጣት መሀል ይመዝዘዋል። ዘዴው ቀላል ነው፦ ሰሌዳው ላይ ያሉትን የመጨረሻ 3 ቁጥሮች አንድ ጊዜ አንብቦ በቃል ይያዝ፣ ስልኩን ንዝረት ላይ አድርጎ ከፊት ባለው የውስጥ ኪስ ይክተት። ሲደወልለት ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ያንሳ። ቦርሳ ወደ ፊት፤ ላፕቶፕ የያዘ ቦርሳ በአንድ ትከሻ አይንጠልጠል።

ኪስ አውላቂው ሌላ መንገድ አለው። ማስቲካና ሶፍት የያዘ ካርቶን ሆድ ላይ ይለጠፋል፤ ካርቶኑ ከላይ ሲከልል እጁ ከታች ይሠራል። ወይም አንዱ ልብስ ላይ ምራቁን ጥሎ "ይቅርታ" እያለ ይጠርጋል፣ ጓደኛው ኪስ ይፈትሻል። ወጣት ወንድ ተማሪ ካየ ደግሞ የኳስ ወሬ ጀምሮ እግሩን በእግሩ እየጠለፈ "ይቺን ትችላለህ?" የሚል አለ። ሁሉም አንድ ናቸው፤ ሰውነት ይነካሉ። ስለዚህ ሕጉም አንድ ይሁን፦ የማያውቀው ሰው ክንድ እስኪደርስ ሲጠጋው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ፣ እጅ ወደ ኪስ። ሶፍት የሚሸጡት ልጆች አብዛኞቹ ዳቦአቸውን ብቻ የሚፈልጉ ናቸው፤ ለእንግዳችሁ ይህንንም ንገሩት። ወደ ኋላ መሸሽ በቂ ነው፤ ልጅ መግፋትም መሳደብም አያስፈልግም።

የሰዓታችን ነገር ቀልድ ይመስላል፤ ለእንግዳ ግን የደኅንነት ጉዳይ ነው። የተማሪው ስልክ 20፡00 ሲል ሾፌሩ፣ ዘበኛውና አከራዩ 2 ሰዓት ይላሉ። "በር በ4 ሰዓት ይዘጋል" የተባለ ተማሪ ከሰዓት በኋላ ነው ብሎ ግራ ሊጋባ፣ ወይም ቀልድ መስሎት በ23፡00 መጥቶ በር ላይ ሊቀር ይችላል። ለምሽት አንድ ሒሳብ ይበቃዋል፤ ከስልኩ ሰዓት ላይ 18 መቀነስ። 20 ሲቀነስ 18 ይሆናል 2፣ 22 ሲቀነስ 18 ይሆናል 4። ለጠዋትና ለቀን 6 ይቀንስ። ከሾፌር ጋር ግን ሰዓት አይነጋገር፤ "በስንት ደቂቃ?" ብሎ ይጠይቅ፣ ደቂቃ በሁሉም አገር አንድ ነው። ሌላም ነገር አለ፤ በአዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የምትገባው ከ12 ሰዓት እስከ 12፡50 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፣ ከዚያም ቶሎ ይጨልማል። 

መኪናው ሲቆም ደግሞ ቅደም ተከተል አለ። አስቀድሞ ሰሌዳ፣ ቀጥሎ ስም፣ ከዚያ በር። ሰሌዳው ላይ ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን ኮዱም ይታይ፦ በነባሩ ሰሌዳ ኮድ 1 ቀይ የታክሲ፣ ኮድ 3 አረንጓዴ የንግድ፣ ኮድ 2 ሰማያዊ የግል ነው። አፑ ላይ ከወጣው የተለየ ቁጥር ወይም የግል መኪና ከመጣ "መኪናዬ ተበላሽቶ የወንድሜን ይዤ ነው" ቢባልም አይሳፈር፤ ሰርዞ ሌላ ይጥራ። ስም ሲጠየቅ ተማሪው ቀድሞ ስሙን አይናገር። "ማንን ነው የምትወስደው?" የምትለዋን አማርኛ ዛሬውኑ አስተምሩት። ትክክለኛው ሾፌር ስክሪኑን አይቶ ይነግረዋል፤ የውጭ አገር ስም ቢያጣምም እንኳ መለየት አያቅትም።

የሚቀመጠው ከኋላ በቀኝ ነው። ሾፌሩ በግራ ስለሚቀመጥ በሰያፍ ይታያል፣ ሲወርድም በእግረኛ መንገድ በኩል ይወርዳል። በኋላ በር ጠርዝ ላይ፣ ከመዝጊያው ዝቅ ብሎ፣ በሩ ከውስጥ እንዳይከፈት የሚያደርግ ትንሽ ማንሻ አለ። ለሕፃናት የተሠራ ነው፤ ሾፌሩ ልጆቹን አድርሶ ረስቶት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መኪናው ሳይነሳ እጀታውን አንዴ ይሞክር። ከተከፈተ ዘግቶ ይቆልፍ፣ ካልተከፈተ እንዲስተካከል ይጠይቅ።

መስኮት ከሁለት ጣት በላይ አይከፈት። መብራት ላይ ወይም ጭንቅንቅ ላይ በመስኮት እጅ ገብቶ ስልክ ይወጣል፤ ስልክ እያዩ በክፍት መስኮት ዳር መቀመጥ አይገባም። አንድ ሰው የመኪናውን ጎን መታ መታ አድርጎ "ጎማህ ተንፍሷል" ካለ ደግሞ ይጠርጥር። ሾፌሩ ጎማ ሊያይ ሲወርድ በሌላው በር በኩል ወንበር ላይ ያለው ዕቃ ይወሰዳል። ላፕቶፑ እግሩ መሀል ወለሉ ላይ ይሁን፤ ወንበር ላይ ያለ ዕቃ ለሌባ የተዘጋጀ ነው።

ሾፌሩ ካርታው ከሚያሳየው መንገድ ቢወጣ ወዲያው መደንገጥ የለበትም። በ4 ኪሎ ዙሪያ ቤተ መንግሥትና ፓርላማ ስላሉ የመንግሥት እንግዳ ሲያልፍ መንገድ ይዘጋል፤ በበዓላትና በሩጫ ቀንም እንዲሁ። "በየት በኩል ነው?" ብሎ ይጠይቅ፤ ጥሩ ሾፌር "ተዘግቷል፣ በዚህ ዞሬ ነው" ብሎ ያስረዳል። መልስ ካጣ ወይም መንገዱ ወደ ጨለማ ሰፈር ከገባ መብራት ያለበት ማደያ ወይም ሆቴል ሲደርስ "እዚህ አውርደኝ" ይበል። ገና ሲሳፈር የሰሌዳውን ስክሪንሹት ለእናንተ መላክን ልማድ ያድርግ፤ ስልክ ደውሎ ጮክ ብሎ "ተሳፍሬአለሁ፣ ሰሌዳው ይሄ ነው" ማለትም ይሠራል።

የአገልግሎቱ ትልቁ ድካም "ሰርዘውና በስምምነት እንሂድ" የሚለው ጥያቄ ነው። ሾፌሩ ለድርጅቱ የሚከፍለውን ኮሚሽን ለማትረፍ ይላል፤ ተማሪውም 50 ብር ሲቀነስለት ደስ ይለዋል። ጉዞው በተሰረዘ ቅጽበት ግን መዝገቡ ይቋረጣል፤ ዕቃ ቢረሳ፣ ዋጋ ቢጨመርበት፣ ሌላም ቢደርስበት መኪናው እሱን እንደጫነ የሚያሳይ ነገር የለም። የእንግዳ ተማሪ ዋስትና ያ መዝገብ ነው። መልሱ "አይ፣ በአፑ ይሁን" ነው፤ ሾፌሩ ካልፈለገ ተማሪው ወደ ግቢ ተመልሶ ሌላ ይጥራ። ከዚሁ ጋር ጉዞው አፑ ላይ የሚጀመረው ተማሪው ከተቀመጠ በኋላ መሆኑን፣ ሲወርድም መዘጋቱን ይይ። ሳይዘጋ የወረደ ሰው ሒሳቡ እየቆጠረ ሊቆይ ይችላል።

ክፍያ በቴሌብር ቢሆን ይመረጣል፤ ከመላኩ በፊት የሚመጣውን ስም ያንብብ። ጥሬ ብር ከሆነ ከጉዞው በፊት ዝርዝሩ ለብቻ ኪስ ይቀመጥ፤ "ዝርዝር የለኝም" በተባለ ቁጥር ሙሉ ቦርሳ መክፈት ጥሩ አይደለም።

መውረጃውም የራሱ ጣጣ አለው፤ ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። በግንፍሌ፣ በቀበና፣ በፈረንሳይ፣ በአፍንጮ በር ውስጥ ለውስጥ መኪና የማይገባባቸው የድንጋይ መንገዶች አሉ፤ የመጨረሻው 100 ሜትር በእግር ነው። ከመድረሱ 5 ደቂቃ በፊት ለዘበኛው ወይም ለአከራዩ ይደውል፣ በሩ ክፍት ይጠብቀው፤ ሾፌሩንም "በሩ እስኪከፈት ጠብቀኝ" ይበለው፤ አብዛኞቹ እሺ ይላሉ፣ በተለይ ለሴት ተማሪ። በነዚህ መንገዶች ማታ ከሰው ይልቅ ውሻ ያስፈራል። አይሩጥ፤ ቆሞ፣ ዓይን ዓይናቸውን ሳያይ ቀስ ብሎ ይለፍ። ከነከሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ምሽት ሆስፒታል ይሂድ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ አይድንም፣ ክትባቱ ግን ቶሎ ከተጀመረ ያድናል።

ሌሎቹን አማራጮች ባጭሩ እንያቸው። ሚኒባስ ቀን ቀን ጥሩ ነው፣ ርካሽም ነው፤ አደጋው መግቢያው ላይ ያለው ግፊያ ነው። ሰልፍ ካለበት ይሳፈር፣ ጃኬት በክንዱ አንጠልጥሎ ከጎኑ የሚቀመጠውን ይጠንቀቅ፣ "ወራጅ አለ" ማለትን ይልመድ። ባቡሩ ምኒልክ አደባባይ ድረስ ነው እንጂ 6 ኪሎ አይደርስም። ኮንትራት ሰማያዊ ታክሲ ሾፌሩን የምታውቁት ከሆነ ጥሩ፣ ካልሆነ መዝገብ የለውም። ከ6 ኪሎ እስከ 4 ኪሎ በእግር መውረድ መንገዱ መብራት ስላለው እስከ 2 ሰዓት ድረስ ሁለት ሦስት ሆኖ ይቻላል፤ ብቻውን ግን አንመክርም፤ ማጅራት መቺ የሚመርጠው ብቸኛውን ነው።

ክረምት ላይ ደግሞ ሁሉም ይለወጣል። ዝናብ ሲጥል ጠሪው ይበዛል፣ መኪና ይጠፋል፣ ሾፌር ይሰርዛል። በሐምሌና በነሐሴ ከግማሽ ሰዓት በፊት መጥራት፣ ወይም ወደ አንድ ሰፈር የሚሄዱ ሦስት ተማሪዎች ሒሳብ ተካፍለው አብረው መሄድ ነው የሚያዋጣው።

ነገር ከተከሰተስ? ስልክም ብርም ከተጠየቀ ይስጥ፤ አይታገል። ፖሊስ 991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ እሳት 939 ነው። ስልክ ከተወሰደ ተማሪው ራሱ በእናንተ ስልክ ወዲያው ወደ 994 ደውሎ መስመሩን ያዘጋ፣ ወደ 127 ደውሎ ቴሌብሩን ያሳግድ፤ ሌባው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሞክረው ሒሳቡን ነው። ዛሬ ማታ ተማሪው *#06# ደውሎ የሚመጣውን 15 አሃዝ በወረቀት ይጻፍ፤ ፖሊስ ጣቢያ ስልኩ የእሱ መሆኑን ለማሳየት የሚጠየቀው ያ ቁጥር ነው። ፓስፖርቱን ቤት ቆልፎ ኮፒውን ይያዝ። ጣቢያ ብቻውን አትላኩት፤ ቃል የሚሰጠው በአማርኛ ነው፣ የጽሑፍ ማስረጃ ካላገኘ ደግሞ ፓስፖርትም መኖሪያ ፈቃድም ማስተካት ይከብደዋል።

አሠራሩን ለሚያሻሽሉት አንድ ጥያቄ አለን፤ ሾፌሩ ከደወለ በኋላ እንግዳው የሚመልሰው የተዘጋጀ ጽሑፍ አፑ ውስጥ ቢኖር ትልቅ ነገር ነበር። እስከዚያው ይህን በተማሪው ስልክ ላይ ጻፉለት፣ ሾፌር ሲደውል ዘግቶ በመልእክት ይላክ፦

"ሰላም፣ አማርኛ ብዙ አልችልም። ከበሩ ውስጥ ጥበቃዎቹ አጠገብ ነኝ። መሻገር አልችልም፤ ፒኑ ላይ ሲደርሱ ይጻፉልኝ፣ እወጣለሁ። አመሰግናለሁ።"